ቅድሚያ የጠየቀው አውሮፕላን
ስለ ተቀራራቢ የእንግሊዝኛ ቃላት የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



«በዚህና በዚያ የእንግሊዝኛ ቃል መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ጥቁር ሰሌዳና ማርክ ነው። ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የአማርኛ ፍቺ ይሰጣል፤ ፍቺው አንድ ሆኖ ሲገኝ መምህሩ «ያው ነው፣ ትንሽ ይለያያሉ» ብሎ ያልፋል። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚያ «ትንሽ» ነው። መጠኑን የሚያሳይ ታሪክ ስላለ ከእሱ ልጀምር። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ምሽት ላይ የአቪያንካ አየር መንገድ ቦይንግ 707 ከኮሎምቢያ ወደ ኒውዮርክ እየበረረ ነበር። የበረራ ቁጥሩ 52፣ የተሳፈረው ሰው 158 ነው። ኒውዮርክ ላይ ጉምና ከባድ ነፋስ ስለነበር አውሮፕላኖች ተራ እስኪደርሳቸው ሰማይ ላይ እየዞሩ እንዲጠብቁ ይታዘዙ ነበር። በረራ 52 ሦስት ጊዜ እንዲጠብቅ ተደርጎ በድምሩ 1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ዞረ። ነዳጁ እየተሟጠጠ ሲሄድ ረዳት አብራሪው ለበረራ ተቆጣጣሪዎቹ ቅድሚያ ሳያስፈልገን አይቀርም የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ አስተላለፈ። የመረጠው ቃል «ፕራዮሪቲ» ነው። ለማረፍ ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀርቶ እንደገና ሽቅብ ሲወጡ ካፒቴኑ በስፓኒሽ፣ ኢመርጀንሲ ላይ መሆናችንን ንገራቸው ብሎ አዘዘው። ረዳቱም የተሰጠውን አቅጣጫ መልሶ ካነበበ በኋላ ጫፉ ላይ፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው የሚል አከለበት። «ኢመርጀንሲ» የሚለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። ብዙም ሳይቆይ ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ኮቭ ኔክ በተባለ መንደር ወደቀ፤ 73 ሰዎች ሞቱ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራውን ሲጨርስ ዋናውን ጥፋት በአብራሪዎቹ ላይ አደረገ፦ ነዳጃቸውን በአግባቡ አላስተዳደሩም፤ ነዳጁ ከማለቁ በፊትም አደጋ ላይ መሆናቸውን አላስታወቁም። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ግን በምርመራው ላይ የተሰማ አንድ ምስክርነት ነው። የዚያው አየር መንገድ አንድ ካፒቴን፣ አብራሪዎቹ በሥልጠና ላይ ሳሉ «ፕራዮሪቲ» እና «ኢመርጀንሲ» ለተቆጣጣሪው ያው ናቸው የሚል ግንዛቤ አግኝተው እንደነበር ተናገረ። መዝገበ ቃላት ቢገለጥም ይህን ግንዛቤ አያፈርሰውም፤ ሁለቱም የችኮላ ቃላት ናቸው። በተቆጣጣሪው ጆሮ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። «ፕራዮሪቲ» የወረፋ ቃል ነው፤ ከተቻለ አስቀድሙን የሚል ልመና። «ኢመርጀንሲ» ወረፋውን ራሱን ያፈርሳል፤ ሌላው አውሮፕላን ሁሉ ከመንገድ ገለል ይደረጋል፣ የእሳት አደጋ መኪናዎች ይወጣሉ፣ ተቆጣጣሪውም ሌላ ሥራውን ይተዋል። እኛስ ብንሆን ባንክ ቤት ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ ከሚሰጠው ቅድሚያ ጋር የሆስፒታልን ድንገተኛ ክፍል እናምታታለን እንዴ? ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከዓመታት በኋላ ነገሩን በሁለት ሐረጎች ቆርጦታል። አብራሪው «ሚኒመም ፊውል» ካለ ከእንግዲህ መዘግየት አልችልም ማለቱ ነው፤ ገና ኢመርጀንሲ አይደለም። «ሜይደይ ፊውል» ካለ ግን አደጋ ላይ ነው። ዛሬ አብራሪው የሚፈልገውን በጨዋ አነጋገር እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም፤ ቃሉን መጥራት ብቻ ነው።

የቴኔሪፍ አደጋም የዚሁ ዘመድ ነው። ማርች 27 ቀን 1977 በጉም በተሸፈነ መንደርደሪያ ላይ የኬኤልኤምና የፓን አም ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ተቆጣጣሪው ለኬኤልኤም የሰጠው ከተነሡ በኋላ የሚከተሉትን የበረራ መስመር ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል ነበረበት። ካፒቴኑ መንደርደር ጀመረ። ረዳቱ በሬዲዮ የተናገረውን ደግሞ እየተነሣን ነው ብሎም፣ ለመነሣት ቆመናል ብሎም መስማት ይቻል ነበር፤ ተቆጣጣሪው የሰማው ሁለተኛውን ነው። የአደጋው ምክንያት ብዙ ነው፤ ጉሙ አለ፣ በሬዲዮው ላይ የተደራረበው ድምፅ አለ፣ የካፒቴኑ ችኮላም አለ። ከዚያ በኋላ ግን «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል የመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተወሰነ። ሌላ ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» ይባላል። አንድ የዕለት ተዕለት ቃል ከአገልግሎት ተነሥቶ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ተቀመጠ።

እንግዲህ ሁለት ተቀራራቢ ቃላት ሲገጥሙን ፍቺያቸውን መጠየቅ አይበቃም። ቃሉን የሰማው ሰው ምን ያደርጋል? ማንስ ይጠየቅበታል? የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ማሳያ ነው።

«ሴፍቲ» እና «ሴኩሪቲ»ን ውሰዱ። በአማርኛ ሁለቱንም «ደህንነት» እንላቸዋለን። አየር ማረፊያ ፍተሻው ላይ ቀበቶ ፍታ የሚልህ ሴኩሪቲ ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶ እሰር የምትልህ ሴፍቲ ናት። ሴኩሪቲ የሚጠብቅህ ሆን ብሎ ከሚጎዳህ ሰው ነው፤ ሴፍቲ ማንም ሳያስበው ከሚደርስ አደጋ። የሲቪል አቪዬሽን ድርጅቱ ለሁለቱ የተለያየ ደንብ አለው፤ ሴኩሪቲ በዐባሪ 17፣ ሴፍቲን ማስተዳደር በዐባሪ 19 ይገኛል። የእኛ «ደህንነት» ሁለቱን ጠቅልሎ ይዞ፣ በላዩ ላይ በመንገድ ቋንቋ የስለላ ሠራተኛም ሆኗል። አንድ ሰው «ደህንነት ነው» ከተባለ የእሳት ማጥፊያ የሚፈትሽ ሰው ነው ብሎ የሚያስብ የለም።

ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው ምግብ ላይ ነው። «ፉድ ሴኩሪቲ» የምግብ ዋስትና ነው፤ «ፉድ ሴፍቲ» የምግብ ደህንነት። የመጀመሪያው ምግብ አለን ወይ፣ መግዛትስ እንችላለን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው የበላነው ያመናል ወይ ይላል። በ1996 ሮም ላይ የተሰበሰበው የዓለም የምግብ ጉባኤ ለምግብ ዋስትና በሰጠው ፍቺ ውስጥ ግን ምግቡ በቂና ገንቢ ብቻ ሳይሆን ከጉዳት የጸዳ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ሴፍቲ በሴኩሪቲ ሆድ ውስጥ አለ። ይህ የወረቀት ነገር አይደለም። በ2004 በምሥራቅ ኬንያ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ ሻገተ፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ፈጠረ፤ 125 ሰዎች ሞቱ። እህል ባጠረበት ወቅት ሰው ያለውን ይበላል፤ የዋስትና ጉድለት ሰውን ወደ ደህንነት ጉድለት ገፋው ማለት ነው። ሁለቱን ቃላት በአንድ የአማርኛ ቃል የተረጎመ የፕሮጀክት ሰነድ ይህን ሰንሰለት ማሳየት አይችልም። በዜናና በሪፖርት ላይ ሲቀያየሩ በሰማሁ ቁጥር የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። የእርዳታ እህል የሚያከፋፍለውና የወተት ናሙና ላቦራቶሪ የሚያስገባው ባለሙያ ሥራቸው ለየቅል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ የምግብ ዋስትና ለሌላቸው የገጠር ቤተሰቦች የሚሰጠው ድጋፍ የተጠራው በ«ሴፍቲ» ነው። ሴፍቲኔት ማለት ገመድ ላይ የሚራመድ የሰርከስ ሰው ቢወድቅ የሚቀበለው መረብ ነው። ቃሉ ሳይተረጎም ቀበሌ ድረስ ወርዶ፣ እንግሊዝኛ ያልተማሩ እናቶች «በሴፍቲኔት ታቅፌአለሁ» ይላሉ፤ ማን ምን እንደሚሰጣቸውና በምትኩ ምን ሥራ እንደሚሠሩ አሳምረው ያውቃሉ። ቃል ሲገባ እንዲህ ነው፤ ከነግዴታው።

እንግሊዝኛ ሁልጊዜ ከእኛ ይልቅ አጥርቶ ይለያል ብላችሁ እንዳትወጡ ደግሞ «ቦሮው» የሚለውን ቃል ላንሣ። በእንግሊዝኛ ብዕርም፣ ብርም፣ ስኳርም «ቦሮው» ይደረጋል። አማርኛ እዚህ ላይ ጠበቃ ነው። ምጣድ ትዋሳለህ፣ ጤፍ ትበደራለህ። የተዋስከውን ያንኑ ትመልሳለህ፤ የተበደርከውን በልተህ ወይም አጥፍተህ ተመጣጣኙን ትከፍላለህ። የሮማ ሕግ ሊቃውንት ለሁለቱ የተለያየ ስም አውጥተው ብዙ ጽፈውባቸዋል፤ እኛ ጎረቤት ቤት ልጅ ስንልክ ሳናስበው እንለያቸዋለን። «ቦሮው» እና «ሌንድ» የሚቸግሯቸው ተማሪዎች ብዙ አገር አሉ። የእኛ ልጆች ተበደረና አበደረ፣ ተዋሰና አዋሰ ስላላቸው ሊቸግራቸው የሚገባ አይመስለኝም፤ ሆኖም በአማርኛው እርዳታ ሲማሩት አላይም።

ሌላው ልዩነት በፍቺም በግዴታም ሳይሆን በጓደኛ ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ማይክል ሃሊደይ ያነሣው ምሳሌ የታወቀ ነው፦ ሻይ «ስትሮንግ» ይባላል እንጂ «ፓወርፉል» አይባልም፤ መኪና ደግሞ «ፓወርፉል» ነው። ሁለቱም ብርቱ ማለት ናቸው፤ ምክንያት ብትጠይቀው እንግሊዙ አይነግርህም። አዲስ አበባ ውስጥ «ጠቆር ያለ ማኪያቶ» የሚያዝ ሰው «ጨለም ያለ ማኪያቶ» ቢል አሳላፊው ይገባዋል፤ ግን ይስቃል። በ1987 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በጆን ሲንክሌር መሪነት የተዘጋጀው የኮቢልድ መዝገበ ቃላት ለተማሪ ትልቅ ስጦታ የሆነው ይህን ስለያዘ ነው። አዘጋጆቹ በኮምፒውተር የተሰበሰበ ብዙ ሚሊዮን ቃል አገላብጠው እያንዳንዱ ቃል ከማን ጋር እንደሚውል አዩ። ከዚህ ዓይነቱ ጥናት ከወጡት ነገሮች አንዱ «ኮዝ» የሚለው ግስ ነው። መዝገበ ቃላቱ መንሥኤ ሆነ ይለዋል፤ በጽሑፍ ውስጥ ግን አብሮት የሚገኘው በአብዛኛው ጉዳት፣ ችግር፣ ሞት፣ መዘግየት ነው። «ፕሮቫይድ» ደግሞ ከእርዳታና ከድጋፍ ጋር ይውላል። ይህ ለእንግሊዝኛ ብቻ የተሰጠ ጸጋ አይደለም። በአማርኛ ሰውን ለችግር ትዳርገዋለህ፤ ለወግ ለማዕረግ ግን ታበቃዋለህ። ሰርጉን ሲያመሰግን «እናቴ ለዚህ ቀን ዳረገችኝ» የሚል ሙሽራ ቢገኝ ሚዜዎቹ ከዚያች ቀን ጀምሮ በትዳሩ ይጠራጠራሉ። ዳረገና አበቃ ሁለቱም አደረሰ ማለት እንደሆኑ ለባዕድ ተማሪ ብንነግረው እኛም እንደዚያ መምህር «ያው ነው» ያልነው ያህል ነው።

እስካሁን ያየነው እውነተኛ ልዩነት ነው። አሁን ደግሞ መምህራን የፈጠሩትን እንይ፤ እዚህ ላይ የመምህራን ወገኖች ይቅር በሉኝ። «ፊወር» ለሚቆጠር፣ «ሌስ» ለማይቆጠር ነገር ነው የሚለውን ሕግ ያልተማረ የለም። ምንጩ ግን የሚታወቅ ነው፤ በ1770 ሮበርት ቤከር የሚባል ጸሐፊ፣ ለሚቆጠር ነገር «ፊወር» የተሻለ ይመስለኛል ብሎ አስተያየቱን ጻፈ። አስተያየት ነበር፤ በኋላ የመጡት ሕግ አደረጉት። እንግሊዞች ግን በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከንጉሥ አልፍሬድ ጊዜ ጀምረው «ሌስ»ን ለሚቆጠርም ይጠቀሙበት ነበር። በ2008 ቴስኮ የተባለው የብሪታንያ ሱፐርማርኬት ጥቂት ዕቃ ለያዙ ደንበኞች ያዘጋጀው ካሽ ሬጅስተር ላይ የነበረውን «ሌስ» የሚል ጽሑፍ ተቆጪዎች ስለበዙበት ሁለቱንም ቃል በማያስነሣ አነጋገር ለወጠው። ለፈተና ከሆነ ሕጉን አክብሩ። ከዚያ ውጭ ግን በዚህ ቃል ምክንያት የተጎዳ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። በአንጻሩ «ሴፍቲ»ና «ሴኩሪቲ» ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አይነሡም።

«ዲስኢንተረስትድ» እና «አንኢንተረስትድ» የሚባሉትም ጥንዶች አሉ። ዛሬ የመጀመሪያው በጉዳዩ የግል ጥቅም የሌለው፣ ሁለተኛው ጉዳዩ ግድ የማይሰጠው ነው ተብሎ ይለያል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። እንዲህም ሆኖ ይህ ልዩነት ቢጠበቅ እመርጣለሁ፤ ዳኛ ገለልተኛ እንጂ ግድ የለሽ እንዲሆን የሚፈልግ ባለጉዳይ የለምና። «ፍላመብል» እና «ኢንፍላመብል» ደግሞ የሚለያዩ ይመስላሉ እንጂ አይለያዩም፤ ሁለቱም በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ናቸው። ጥንታዊው «ኢንፍላመብል» ነው። ከፊቱ ያለችውን «ኢን» ሰዉ የማፍረሻ ምልክት አድርጎ «የማይቀጣጠል» ብሎ እንዳይረዳው የሠጉ የአሜሪካ የእሳት አደጋ መከላከል ባለሙያዎች በ1920ዎቹ «ፍላመብል» እንዲጻፍ ገፋፉ። የነዳጅ ቦቴ ጀርባ ላይ የምታነቡት አጭሩ ቃል በሰዋስው ሳይሆን በሥጋት ያሸነፈ ነው።

ለብዙ ቤተሰቦቻችን ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ግን «ረፊዩጂ» እና «ማይግራንት» ነው። በአማርኛ ሁለቱም ስደተኛ ናቸው፤ «ፍልሰተኛ» የሚለው ገና ከወረቀት አልወረደም። በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት ለ«ረፊዩጂ» የሰጠው ፍቺ ጠባብ ነው፦ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት በደል እንዳይደርስበት በቂ ሥጋት ኖሮት ከአገሩ ውጭ የሚገኝ ሰው ነው። ይህን ያሳየ ሰው የሸሸው አደጋ ወዳለበት አይመለስም፤ መንግሥታት ፈርመውበታል። ለ«ማይግራንት» እንዲህ ያለ ፍቺ በዚያ ስምምነት ውስጥ የለም። ቤሩት ወይም ሪያድ በቤት ሠራተኝነት የሄደች እህታችን በስምምነቱ ዓይን «ማይግራንት» ናት፤ ከለላዋ የሥራ ውሏና የሠራተኛ ሕጉ ነው፤ እሱም ካለ። በአገራችንም ስደተኞችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1110፣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን የሚመለከተው ደግሞ ሌላ አዋጅ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጥገኝነት ጠይቆ ለቃለ መጠይቅ የቀረበ ወጣት «ለምን መጣህ?» ሲባል «ሕይወቴን ለማሻሻል» ብሎ በትሕትና ቢመልስ፣ የእስሩንና የዛቻውን ታሪክ ከመናገሩ በፊት ራሱን ከአንዱ ቃል አውጥቶ ወደ ሌላው እያስገባ ነው። በባሕላችን ችግርን አጉልቶ ማውራት ነውር ሊሆን ይችላል፤ ጠያቂው ግን የሚጽፈው የሰማውን ነው። ቃሉም ዝም ብሎ አይቆምም። በ2015 በሜዲትራኒያን በኩል የሚሻገረው ሕዝብ ሲበዛ አልጀዚራ «ማይግራንት» የሚለው ቃል ሰውነትን እየገፈፈ ነው ብሎ በዚያ ዜና ላይ መጠቀሙን እንደሚተው አስታወቀ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት ደግሞ ልዩነቱ እንዲጠበቅ አጥብቆ ይናገራል፤ ሁለቱ ቃላት ከተደባለቁ ለስደተኛው የተገባው ሕጋዊ ግዴታ ይሸረሸራል ባይ ነው። እኔ በሁለተኛው እስማማለሁ፤ የመጀመሪያውም ግን የተናገረው ነገር አለው።

የመጨረሻው ማሳያዬ የሕግ ነው። የውጫሌን ውል አላነሣም፤ «ይቻላቸዋል» እና «አለባቸው» ምን እንዳመጡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእንግሊዝኛ «ሻል» የሚባለው ቃል ለሕግ ጸሐፊዎች ሲያገለግል የኖረው ግዴታን ለመግለጽ ነው። ችግሩ በአንዱ አንቀጽ ግዴታ፣ በሌላው የወደፊት ጊዜ፣ በሦስተኛው ፈቃድ መሰል ሆኖ መገኘቱ ነው። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የፌዴራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች በ2007 እንደ አዲስ ሲጻፉ «ሻል» ተነሥቶ እንደ ቦታው «መስት»፣ «ሜይ» ወይም «ሹድ» ገባ። የኢንተርኔት መሐንዲሶች ቀድመው በ1997 ባወጡት ሰነድ እነዚህን ቃላት እንደ ብሎን ለክተዋቸዋል፤ «ሹድ» ማለት ልትተወው ትችላለህ፣ ግን መዘዙን አመዛዝነህ መሆን አለበት ማለት ነው ብለው ጽፈዋል።

አማርኛ ውል ውስጥ «ተከራይ በየወሩ መጀመሪያ ኪራይ ይከፍላል» ሲባል «ይከፍላል» ትንቢት አይደለም፤ ግዴታ ነው። እዚያው ውል ላይ «አከራይ ቤቱን ያድሳል» የሚል ቢኖር ግን ያድሳል ወይስ ማደስ አለበት ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። «ይገባዋል» ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ አንዳንዱ ትእዛዝ፣ አንዳንዱ ምክር አድርጎ ያነበዋል፤ ሌላው መብት ያደርገዋል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚታተም አንድ አንቀጽ በግራ «ይችላል»፣ በቀኝ «ሻል» ሆኖ ከወጣ የትኛው ይጸናል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ለሕገ መንግሥቱ ለራሱ መልሱ በአንቀጽ 106 ተሰጥቷል፤ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። የውጭ ባለሀብቱና ጠበቃው ግን ብዙ ጊዜ የሚያነቡት የቀኙን ዓምድ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው «ሻል» ላይ ሲደርስ መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት ይህን ባያደርግ የሚቀጣው ማን ነው ብሎ አርቃቂውን ቢጠይቅ ይሻለዋል።